ማይክሮባዮሎጂን በላብም በቤትም መማር፦ ጎንደር ላይ ለሚጀምሩ ተማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

የማይክሮባዮሎጂ የላብ ሰዓት አጭር ነው። ገለጻው፣ ዕቃ መከፋፈሉ፣ በአንድ ማይክሮስኮፕ ተራ መጠበቁ ሲቀነስ ለእያንዳንዱ ተማሪ እጅ የሚደርሰው ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ሉፕ (ባክቴሪያ የሚነሳበት ባለቀለበት ሽቦ) እንዴት እንደሚያዝ ገና የሚያስብ ተማሪ ፕሌቱ (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ባለክዳን ሰሃን) ላይ የበቀለውን ለማየት ጊዜ አይተርፈውም። እኔ ይህን ትምህርት የተማርኩት ጎንደር ነው። ለታናናሾቼ ደጋግሜ የምለው አንድ ነገር ነው፦ እጅ መልመድ ያለበትን ሁሉ ቤታችሁ፣ አንዲት ጀርም ሳትነኩ አስለምዱት፤ ላብ ስትገቡ ዓይናችሁና አእምሯችሁ ነፃ ይሁኑ።

ጎንደር ለዚህ ትምህርት አዲስ አይደለችም። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን በአንድ ቡድን ለማሠልጠን ነበር። በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ውስጥ ዛሬ የካላአዛር (በጥቃቅን ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ በሽታ) ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለ፤ ከመተማና ከሑመራ ቆላ ታመው የሚመጡ የቀን ሠራተኞች እዚያ ይታከማሉ። እዚህ ከተማ በማይክሮስኮፕ የምታዩት ነገር በመጽሐፍ ላይ ብቻ ያለ አይደለም፤ የሕመሙ ባለቤት ኮሪደሩ ላይ ወንበር ይዞ ውጤት እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ አንድ፦ ድንበሩን አስምሩ

ቤት ውስጥ ባክቴሪያ አታብቅሉ። በጄላቲንና በስኳር ሚዲያ (የባክቴሪያ ምግብ) ሠርቶ ከስልክ፣ ከበር እጀታ ወይም ከአፍ በጥጥ ተጠርጎ የተወሰደ ስዋብ ማብቀልን የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። አትከተሏቸው። ምን እንደበቀለ አታውቁም፤ በእጀታው ላይ ጥቂት የነበረው ነገር በአንድ ሌሊት ሚሊዮኖች ይሆናል። ላብ ውስጥ ያ ፕሌት አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድል ማሽን) ገብቶ ነው የሚጣለው። ቤት ውስጥ ግን ቆሻሻ መጣያ ይገባል፤ የሚያነሳውም ሕፃን ወይም ቆሻሻ ሰብሳቢ ነው። ቧንቧውና ሽንት ቤቱ የጋራ በሆነበት የኪራይ ግቢ ደግሞ ጉዳዩ የእናንተ ብቻ መሆኑ ይቀራል።

ከላብ ወደ ቤትም ምንም አይመለስ። ጋውኑ በራሱ ፌስታል ታስሮ ይሂድ፤ ከደብተርና ከምሳ ዕቃ ጋር በአንድ ቦርሳ አይገናኝ፤ ከቤተሰብ ልብስ ጋርም አይታጠብ። ለላብ ብቻ የሚሆን እስክሪብቶ መድቡና እዚያው ይቅር። ስልክ የግድ ካስፈለገ በግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ አስገቡት፤ ስትወጡ ፕላስቲኩን አስወግዱ። ኪሳችሁ ውስጥ ቆሎ አይኑር፤ እጅ ሳያስበው ወደ ኪስ፣ ከኪስ ወደ አፍ ይሄዳል። ነጠላና ሻርፕ ውጭ ይቅሩ፣ ፀጉር ወደ ኋላ ይታሰር፤ የአልኮል ማሞቂያው ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል፤ ልብስ የሚይዘውም ለዚህ ነው።

ደረጃ ሁለት፦ እጅን ቤት ማሠልጠን

ስትሪክ ከማድረግ፣ ማለትም ባክቴሪያን በሉፕ በመስመር በመስመር ከመዘርጋት ጀምሩ። የፔትሪ ዲሽ (የፕሌቱ) ስፋት 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በኮምፓስ ወረቀት ላይ ብዙ ክብ ሥሩ። ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጫፉን 3 ሚሊ ሜትር በሚሆን ቀለበት አጥፋችሁ በባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ ላይ አስሩ፤ ይህ ሉፓችሁ ነው። መጀመሪያ በእርሳስ፣ ቀጥሎ በሽቦው፣ ክቡን በአራት ክፍል ሂዱበት። በመጀመሪያው ክፍል ጠርዝ ላይ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ቀቡ። ሉፑን አቃጥሉ፣ አብርዱ። ከመጀመሪያው ክፍል ጫፍ ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ይዛችሁ ወደ ሁለተኛው ሳቡ። እንደገና አቃጥሉ፣ አብርዱ። ሦስተኛውም እንዲሁ፤ አራተኛው ሰፊና የተራራቀ ይሁን፣ ተመልሶም የመጀመሪያውን አይንካ። የዚህ ሁሉ ዓላማ በየክፍሉ የሴሎቹን ቁጥር መቀነስ ነው፤ መጨረሻ ላይ አንዱ ሴል ከሌላው ርቆ ይወድቅና ብቻውን ተባዝቶ ኮሎኒ (በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምር) ይሆናል። ከማቃጠሉ አንዱን የዘለለ ተማሪ መስመሩ ቢያምርለትም የሚያገኘው እንደ መጀመሪያው ክፍል የተጨናነቀ ፕሌት ነው።

ቤት ውስጥ እሳት አያስፈልግም። ያልበራ ሻማ አስቀምጡና እንቅስቃሴውን ብቻ ሥሩ፦ አቃጥል፣ እስከ አሥር ቁጠር፣ የአጋሩን (ፕሌቱ ውስጥ የረጋውን ሚዲያ) ጠርዝ ንካ፣ ከዚያ ሳብ። ክዳኑን በግራ እጅ በአንድ ጎኑ ብቻ ከፍ ማድረግን ልመዱ፤ ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ ማስቀመጥ ቀላል ቢመስልም አየሩን ሁሉ መጋበዝ ነው። እጃችሁ ከጠና ለመፈተኛ የሚሆን ነገር ወጥ ቤት አለ፦ የበቆሎ ስታርች በውሃ ወፈር አድርጋችሁ አብስሉ፣ በሰሃን ላይ አፍስሱና ይርጋ። ስታርቹን ሳትቀድዱ ሽቦውን በላዩ ላይ መሳብ ከቻላችሁ አጋርም አይቀደድባችሁም። በዚያው ቀን ጣሉት።

ሁለተኛው ልምምድ ባክቴሪያን በቀለም በሁለት የሚለየው የግራም ቀለም ቅደም ተከተል ነው፤ ዝርዝሩ ደረጃ ሦስት ላይ አለ። አራት ስኒ ውሃ ደርድሩና በየስኒው ላይ የቀለሙን ስም ለጥፉ። በስልክ ሰዓት እየለካችሁ ስላይድ በሚያክል ወረቀት ላይ ሥሩት፤ ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ። ሰው ፊት ሲሠራ ሰዓት የሚጠፋው ለአፍ ስላልተለመደ ነው።

ሦስተኛው እጅ መታጠብ ነው። ይህን የሚንቅ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጠዋለሁ። ጥቂት ዘይት ከቁንጥር እርድ ጋር ቀላቅላችሁ እጃችሁን ሁሉ እሹት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እንደ ልማዳችሁ በሳሙና ታጠቡና ተመልከቱ። ቢጫው አውራ ጣት ላይ፣ በጥፍር ሥር፣ በጣቶች መካከል ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ቀኝ እጃችሁን የምትጠቀሙ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያልታጠበው ራሱ ቀኙ ነው።

ደረጃ ሦስት፦ ስሚርና የግራም ቀለም

ሃንስ ክርስቲያን ግራም የተባለ ዴንማርካዊ ሐኪም ይህን ዘዴ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። እስከ ዛሬ የባክቴሪያ ላብ የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነው፦ ሐምራዊ ነው ወይስ ሮዝ?

ግማሹ ውጤት የሚበላሸው ቀለም ሳይነካው ነው፤ ስሚሩ (ስላይዱ ላይ የተዘረጋው ናሙና) ሲወፍር። ከኮሎኒ የምትወስዱት በሉፕ ጫፍ የሚነካውን ያህል ይሁን፣ ከዚያ በላይ አይደለም። በስላይዱ ላይ አንዲት ጠብታ ንጹሕ ውሃ አድርጉና ኮሎኒውን ቀላቅላችሁ አንድ ሳንቲም በሚያህል ስፋት ዘርጉት። ከደረቀ በኋላ ስላይዱን በተጻፈ ወረቀት ላይ አድርጉት፤ ፊደሉ በስሚሩ ውስጥ የማይነበብ ከሆነ ወፍሯል፤ ሌላ ሥሩ። በራሱ ይድረቅ፤ ለማፍጠን ብላችሁ እሳት ላይ አትያዙት። ሲደርቅ ሁለት ሦስት ጊዜ በነበልባሉ ላይ አሳልፉት። በእጃችሁ ጀርባ ስትነኩት ሞቅ ያለ እንጂ የሚያቃጥል አይሁን፤ ከልክ ያለፈ ሙቀት የሴሉን ቅርጽ ያበላሻል።

ቀጥሎ ክሪስታል ቫዮሌት አንድ ደቂቃ፣ በውሃ ቀስ አድርጎ ማጠብ። አዮዲን አንድ ደቂቃ፣ ማጠብ። አሁን ልብ የሚያስፈልገው ቦታ ደረሰ፦ አሴቶን አልኮሉ። ስላይዱን አዘንብሉና ጠብታ በጠብታ አፍስሱ፤ ከታች የሚወርደው ፈሳሽ ሐምራዊነቱን አጥቶ ጠርቶ ሲወርድ በዚያው ቅጽበት በውሃ አቁሙት። ይህ የሰከንዶች ጉዳይ ነው። ንጹሕ አልኮል ከሆነ ትንሽ ይዘገያል፣ አሴቶን ካለበት ይፈጥናል፤ ስለዚህ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የትኛው እንደሆነ አስቀድማችሁ ቴክኒሻኑን ጠይቁ። መጨረሻ ሳፍራኒን አንድ ደቂቃ፣ ማጠብ፣ በሶፍት ጫን እያደረጉ ማድረቅ፤ መፈግፈግ አይፈቀድም።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ካላወቃችሁ ሰከንዱ ትርጉም አይሰጣችሁም። ክሪስታል ቫዮሌትና አዮዲን ሴሉ ውስጥ ተያይዘው ትልቅ ውሕድ ይሠራሉ። ግራም ፖዘቲቩ (ሐምራዊ የሚቀረው) ወፍራም የፔፕቲዶግላይካን ግድግዳ አለው፤ አልኮሉ ውሃውን ሲመጥበት ግድግዳው ይጠብቅና ውሕዱን እንደያዘ ይቀራል። ግራም ኔጋቲቩ ግድግዳው ስስ ነው፣ በላዩ ያለውን የስብ ሽፋንም አልኮሉ ያሟሟዋል፤ ቀለሙ ይወጣና ሳፍራኒኑ ሮዝ ያደርገዋል። አልኮሉን ካቆያችሁት ፖዘቲቩም ይለቃል፣ ካሳጠራችሁት ኔጋቲቩም ሐምራዊ ይቀራል። ያረጀ ኮሎኒም ያታልላል፦ ከ24 ሰዓት ያለፈው ግራም ፖዘቲቭ ግድግዳው ይዳከምና ሮዝ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ በአንዱ ስላይድ ላይ በግራ የታወቀ ስታፊሎኮከስ፣ በቀኝ የታወቀ ኢ. ኮላይ፣ በመሐል የራሳችሁን ሥሩ። ሁለቱ የታወቁት ትክክለኛ ቀለማቸውን ካልያዙ የመሐሉ ምንም ቢመስል አይታመንም።

ደረጃ አራት፦ ማይክሮስኮፑ

በዝቅተኛው ሌንስ ቦታውን ፈልጉ፣ በ40 አጥሩ፣ ከዚያ ሌንሱን ወደ ጎን አድርጋችሁ አንዲት ጠብታ ኢመርሽን ኦይል ጣሉና የ100ውን አምጡ። ዘይቱ ያስፈለገው ብርሃን ከመስታወት ወደ አየር ሲወጣ ስለሚታጠፍና ወደ ሌንሱ ስለማይደርስ ነው፤ ዘይቱ ብርሃንን የሚያጥፍበት መጠን ከመስታወት ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ጨረሩ ቀጥ ብሎ ይገባል። በቀለም ለተሠራ ስላይድ ኮንደንሰሩን (ከስላይዱ ሥር ብርሃን የሚሰበስበውን ሌንስ) ወደ ላይ አድርጉት፣ ዲያፍራሙን (የብርሃን መቆጣጠሪያውን) ክፈቱት። ዘይት ከነካ በኋላ ወደ 40 አትመለሱ፤ የ40ው ሌንስ ዘይት አይችልም።

ስትጨርሱ ዘይቱን በሌንስ ወረቀት ጥረጉ። በክረምት ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። ጎንደር ክረምቱ ሲበረታ ሳጥን ውስጥ የተዘጋ ማይክሮስኮፕ ሌንሱ ላይ ሻጋታ ያበቅላል፤ ጭጋግ ያለ የሚመስል ምስል ካያችሁ ከስላይዱ በፊት ሌንሱን ጠርጥሩ። እርጥበት የሚመጠው ሲሊካ ጄል ሳጥኑ ውስጥ ካለ ደግ፣ ከሌለ ለቴክኒሻኑ ንገሩ።

ደረጃ አምስት፦ ሚዲያና ከፍታው

አጋርን ወደ ባክቴሪያ ላብ ያስገባችው ፋኒ ሄሰ ናት። ባለቤቷ በታዋቂው የባክቴሪያ ሳይንቲስት በሮበርት ኮኽ ላብ ሲሠራ ጄላቲኑ በሙቀት እየቀለጠ አስቸገረው፤ እሷ ወጥ ቤቷ ውስጥ ማርመላታ የምታረጋበትን አጋር እንዲሞክር ነገረችው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1881 ነው። አጋር አንዴ ከረጋ በ37 ዲግሪ አይቀልጥም፤ ለማቅለጥ ወደ 85 ዲግሪ ይፈልጋል፣ የሚረጋው ግን ወደ 40 ዲግሪ ወርዶ ነው። ለዚህ ነው ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሲደርስ የምንቀዳው፤ ከዚያ ከሞቀ ክዳኑ ላይ ውሃ ይንጠፈጠፋል፣ ከቀዘቀዘ ይጓጉላል።

ብዙው የመማሪያ መጽሐፍ የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው ወደ 93 ዲግሪ ላይ ነው። አጋሩ ይቀልጣል፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሙሉ በሙሉ ያልቀለጠ አጋር ፕሌቱ ላይ እንደ ጉጉል ይቀመጣል። አውቶክሌቭ ላይ ጉዳዩ ይከብዳል። መጽሐፉ በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት 121 ዲግሪ ይገኛል ይላል። የእንፋሎቱ ሙቀት ግን የሚወሰነው በጠቅላላው ግፊት ነው፤ እኛ ዘንድ ያለው የአየር ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ጌጁ (የግፊት ማሳያው) 15 ሲያሳይ ውስጡ ወደ 117 ዲግሪ ብቻ ነው። 121 ለማድረስ ጌጁ ወደ 18 መድረስ አለበት። ስለዚህ ግፊቱን ሳይሆን ሙቀቱን አንብቡ፤ 15 ደቂቃውንም መቁጠር የምትጀምሩት 121 ከደረሰ በኋላ ነው። መሣሪያው ከተፈቀደለት ግፊት በላይ ግን በፍጹም አይገፋ፤ መድረስ ካልቻለ ጊዜው እንዲረዝም ኃላፊውን ጠይቁ። ቀለሙን የሚቀይረው የአውቶክሌቭ ፕላስተር ዕቃው ሙቀት ማግኘቱን ብቻ ይነግራችኋል፤ ስፖር (ሙቀት የሚቋቋመው የባክቴሪያ ዘር) መሞቱን የሚያረጋግጠው የጂኦባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ ስፖር ያለበት መፈተኛ ነው።

ፕሌት ላይ ስም ሲጻፍ ከታች፣ አጋር ባለበት በኩል ይጻፋል፤ ክዳን ይለዋወጣል። ኢንኩቤተር (ባክቴሪያው በተመጠነ ሙቀት የሚበቅልበት ሳጥን) ሲገባ ተገልብጦ ይገባል፤ አለዚያ ክዳኑ ላይ የቋጠረው ውሃ ይወርድና ኮሎኒዎቹን አንድ ላይ ያጥባቸዋል። መብራት ከጠፋ የኢንኩቤተሩን በር አትክፈቱ፤ ሙቀቱ በዚያ ይቆያል። መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት መዝገቡ ላይ ጻፉ፤ የመድኃኒት መፈተሻ ፕሌት ውስጥ ከነበረ ደግሞ ውጤቱን ከማንበባችሁ በፊት ለመምህሩ ንገሩ።

ስለ ማጽጃው ባጭሩ፦ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር 0.5 በመቶ ይሰጣል። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፤ ጠረጴዛ ላይ ወዲያው አይጠረግ፣ አሥር ደቂቃ ይቆይ። ከአሲድ ጋር አይገናኝ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። አልኮሉ ደግሞ 70 በመቶ ይሁን፤ ውሃ የሌለው አልኮል ቶሎ ይተናል፣ ፕሮቲኑን ለማበላሸትም ውሃው ያስፈልገዋል።

ደረጃ ስድስት፦ ደብተሩ፣ ሰዓቱና ቀኑ

እኛ አገር በሁለት ሰዓትና በሁለት ዘመን አቆጣጠር ነው የምንኖረው፤ ላብ ውስጥ ይህ ስሕተት ይወልዳል። አንዷ ፕሌቱ ላይ «9 ሰዓት» ብላ ትጽፋለች፤ ጠዋት ተረኛው ከሌሊቱ 9 ነው ወይስ ከቀኑ፣ በፈረንጅ ነው ወይስ በሐበሻ፣ አያውቅም። 18 ሰዓት የሞላውና 24 ሰዓት ያለፈው ፕሌት ደግሞ አንድ ዓይነት አይነበቡም። ከመጀመሪያው ቀን ቡድናችሁ አንዱን ይምረጥና በየፕሌቱ ላይ ይጻፍ። ሪኤጀንት (የላብ ኬሚካል) ላይ ያለው የማብቂያ ቀን በፈረንጆች ነው፤ 2018 የሚል ጠርሙስ ስታዩ በእኛ አቆጣጠር እንዳታነቡት።

ኮሎኒ ስትገልጹ «ነጭ፣ ክብ» ብላችሁ አትለፉ። ዲያሜትሩን በሚሊ ሜትር ለኩ፤ ጠርዙ ለስላሳ ነው ወይስ የተቦጫጨቀ፣ ከጎን ሲታይ ከፍ ብሏል ወይስ ተኝቷል፣ በደም አጋር ላይ ከሆነ በዙሪያው ያለው ደም ጠርቷል፣ አረንጓዴ ሆኗል ወይስ እንዳለ ነው? ክዳኑን ሳትከፍቱ በብርሃን በኩል ይዛችሁ ተመልከቱ። አታሽቱ። አንዳንድ የቆዩ መጻሕፍት የኮሎኒን ሽታ ይገልጻሉ፤ ያን ከመጽሐፉ አንብባችሁ ተዉት።

ደረጃ ሰባት፦ ቤት ያለው ባክቴሪያ

ቤት ውስጥ አታብቅሉ ብያለሁ፤ እናቶቻችን ግን እኛ ሳንወለድ ጀምሮ ሲያበቅሉ ኖረዋል፤ ምን እንደሚያበቅሉም ያውቃሉ። የእንጀራ እርሾ፣ እርጎና ጠላ ለዘመናት የተፈተኑ፣ የሚበሉና የሚጠጡ ናቸው። ከእነሱ ተማሩ።

ሊጥ በሚቦካበት ሳምንት አንድ ትንሽ ሙከራ ሥሩ። ሦስት ንጹሕ ብርጭቆ ውሰዱ። በመጀመሪያው የጤፍ ዱቄት፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃና አንድ ማንኪያ እርሾ፤ በሁለተኛው እርሾ የሌለው ዱቄትና ውሃ፤ በሦስተኛው እንደ መጀመሪያው ሆኖ በቀዝቃዛ ቦታ የሚቀመጥ። ጋዝ ስለሚወጣ ክዳኑ ጠብቆ አይዘጋ። ጠዋትና ማታ አረፋውን፣ ሽታውን፣ ከላይ የሚጠለለውን ቢጫ ውሃ ጻፉ። እርሾ ያልገባበት ዘግይቶ ይጀምራል እንጂ ዝም ብሎ አይቀርም፤ ዱቄቱ ራሱ የራሱን ተሕዋስያን ይዞ ስለሚመጣ። በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ትማራላችሁ፦ ማነጻጸሪያ ምን እንደሚሠራ፣ ሙቀት ዕድገትን እንዴት እንደሚወስን፣ መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ። ሲያልቅ ሦስቱንም ጣሉ፤ ለመጋገር አይደሉም።

በክረምት ሊጡ ሲዘገይ እናቴን «እማዬ፣ ዛሬስ ምን ነካው?» ብላት «ብርድ ነዋ! ወደ ምድጃው አስጠጊው» ትላለች። ይህ የኢንኩቤተር ትምህርት ነው። የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ መታጠኑም እንዲሁ፤ ጭሱ ውስጥ ያሉ ፌኖል የተባሉ ውሕዶች ረቂቅ ተሕዋስያንን ይገታሉ። ቤታችሁ ውስጥ የሚሠራውን ሁሉ «ለምን?» እያላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በላብ ቋንቋ ለመጻፍ ሞክሩ። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ፦ እርጎ ኮምጣጣ ስለሆነ ብቻ ጥሬ ወተት ንጹሕ ሆነ ማለት አይደለም። ብሩሴላም የከብት ቲቢም በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ፤ ወተቱ አስቀድሞ ይፍላ።

መምህሩ ከፈቀደላችሁ ከእርሾው ጥቂት ጠብታ በንጹሕ ብልቃጥ ላብ ውሰዱና በግራም ቀለም ሥሩት። ይህን ስላይድ ለማየት ጊዜ ስጡት። መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ትልልቅ ሞላላ ሐምራዊ ሴል ነው፤ ይህ ከባክቴሪያ ብዙ እጥፍ የሚበልጠው እርሾ ፈንገሱ ነው፤ አንዳንዱ ከጎኑ ትንሽ እብጠት ያወጣል፣ ቡቃያው ነው። በዙሪያው ያሉት ቀጫጭን ሐምራዊ ዘንጎች፣ አንዳንዶቹ ተቀጣጥለው፣ ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ሊጡን የሚያኮመጥጡት እነሱ ናቸው። ሦስተኛ ነገርም አለ፤ ብዙዎችን የሚያሳስተው እሱ ነው። የጤፍ ስታርች ቅንጣት በጣም ትንሽ ነው፣ ከ2 እስከ 6 ማይክሮ ሜትር ገደማ፤ መጠኑ ከእርሾ ሴል ጋር ይቀራረባል። ለመለየት በሌላ ስላይድ ላይ ከዚያው ጠብታ አድርጉና አዮዲን ብቻ ጨምሩበት፤ ወደ ጥቁር ሰማያዊ የተለወጠው ሁሉ ስታርች ነው። ናሙናውንም ከወፍራሙ ሊጥ ሳይሆን ከላይ ከጠለለው ቢጫ ውሃ ውሰዱ። እርጎ ከሆነ ስቡና ፕሮቲኑ ስላይዱን ያጨናንቃል፤ በውሃ አቅጥናችሁ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት።

ደረጃ ስምንት፦ ባዶ ወረቀት

ቤት ስታጠኑ ማስታወሻ ደጋግሞ ማንበብ ያወቃችሁ ያስመስላል። ባዶ ወረቀት አውጡና ደብተር ሳታዩ የመለያ ዛፉን ሣሉ። ግራም ፖዘቲቭ ኮከስ (ክብ ባክቴሪያ) ነው? 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ላይ አረፋ ካወጣ ካታሌዝ (ፐርኦክሳይዱን የሚሰባብር ኢንዛይም) አለው፤ ወደ ስታፊሎኮከስ ሂዱ፣ ካላወጣ ወደ ስትሬፕቶኮከስ። ስታፊሎኮከሱ ፕላዝማ ካረጋ ኮአጉሌዝ አለው፣ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ካታሌዝ ስትሠሩ ኮሎኒውን ከደም አጋር አትውሰዱ፤ ቀይ የደም ሴሉ ራሱ ካታሌዝ ስላለው አረፋው ያታልላችኋል። ግራም ኔጋቲቭ ዘንግ ከሆነ ማክኮንኪ አጋር ላይ ሮዝ ነው ወይስ ቀለም የለሽ? ሮዙ ላክቶስ አብላልቷል፣ እንደ ኢ. ኮላይ፤ የታይፎይዱ ሳልሞኔላ አያብላላም። በዛፉ ላይ የረሳችሁበት ቅርንጫፍ ቀይ ይሁን፤ ነገ የምታነቡት እሱን ብቻ ነው።

ከዚያ ለቤተሰብ በአማርኛ አስረዱ። «ኮአጉሌዝ ፖዘቲቭ» ብሎ ማምለጥ በእንግሊዝኛው ይቻላል፤ ለታናሽ ወንድም ግን «ይሄ ጀርም ደም የሚያረጋ ነገር አለው» ማለት አለባችሁ፤ ያን ጊዜ የገባችሁና ያልገባችሁ ይለያል። በዚያው አጋጣሚ ስለ አንቲባዮቲክ ተናገሩ። ሙለር ሂንተን (መድኃኒት የሚፈተሽበት አጋር) ላይ በመድኃኒቱ ዲስክ ዙሪያ የጠራውን ቦታ በሚሊ ሜትር የለካ ተማሪ፣ ቤት ውስጥ የተረፈ ክኒን ለጉንፋን ሲወሰድ ዝም ማለት የለበትም። የአጋሩ ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር እንዲሆን የሚታዘዘውም ስሱ ፕሌት ክቡን ስለሚያሰፋና የማይሠራን መድኃኒት የሚሠራ ስለሚያስመስል ነው።

ደረጃ ዘጠኝ፦ ወደ ጤና ጣቢያ ስትወጡ

በጎንደር የጤና ተማሪ ከመመረቁ በፊት በቡድን ወደ ወረዳ ይወጣል፤ ቲቲፒ የምንለው ነው። እዚያ የሚጠብቃችሁ የወባ ስላይድ፣ የሰገራ ምርመራና የቲቢ አክታ ነው። የቲቢ ባክቴሪያ ግድግዳው በሰም ስለተሸፈነ የግራም ቀለም አይገባውም፤ በዚል ኒልሰን ዘዴ ቀዩን ቀለም፣ ካርቦል ፉክሲኑን፣ ከታች በእሳት እያሞቃችሁ ታስገቡታላችሁ፣ እንፋሎት ይውጣ እንጂ አይፍላ። በአሲድ አልኮል ስታጥቡት ሌላው ሁሉ ይለቃል፣ እሱ ቀይ ሆኖ፣ መጨረሻ ላይ በሚጨመረው ሰማያዊ ቀለም መደብ ላይ ይቀራል። አክታ በተዘጋ ክፍል አይወሰድ፤ ታካሚው ደጅ፣ ነፋስ ባለበት ወጥቶ ይትፋ፤ እናንተም ከፊቱ አትቁሙ።

መብራት በሌለበት ቀን በመስታወት የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ሊሰጣችሁ ይችላል። መስታወቱ ሁለት ፊት አለው። ኮንደንሰር ካለው ጠፍጣፋውን፣ ከሌለው ጎድጓዳውን አዙሩ። መሣሪያውን መስኮት አጠገብ አስቀምጡና መስታወቱን ወደ ብሩህ ሰማይ ወይም ወደ ነጭ ግድግዳ አቅኑት። ወደ ፀሐይዋ በቀጥታ አታቅኑት፤ በሌንሱ ተሰብስቦ የሚመጣው ብርሃን ዓይንን ይጎዳል። ስላይዱን ከማስገባታችሁ በፊት በባዶው ተመልከቱ፤ ክቡ ከዳር እስከ ዳር እኩል እስኪበራ ድረስ መስታወቱን አስተካክሉ፣ ከዚያ ስላይዱን አስገቡ።